አቡነ ዮሴፍ ላይ ስኪ ይዘን ወጣን፤ በረዶው ግን አልሆነልንም። ምክራችሁን እፈልጋለሁ

የላስታው አናጺ

ሰላም ለዚህ ቤት። እንደምን ከረማችሁ? የምጠይቃችሁ ነገር አለኝ። ታሪኩን ሳልነግራችሁ ብጠይቅ ግን አይገባችሁም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ወልድያ የምኖር አናጺ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ላስታ ነው፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር። አንድ አብሮ አደግ አለኝ። ኖርዌይ ከገባ 11 ዓመት ሆነው። ሊለሃመር ነው የሚኖረው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደበት ከተማ። መጀመሪያ ሰሞን ሲደውል ብርዱን ብቻ ነበር የሚያወራኝ። እያደር ግን ወሬው ሁሉ ስኪ ሆነ፤ ረጅምና ቀጭን ጣውላ እግር ላይ አስሮ በረዶ ላይ መንሸራተት ማለት ነው። መዝናኛ ቦታ ላይ በገመድ ተጎትተው የሚወጡትን ዓይነት አይደለም። እሱ የሚወደው መንገድ በሌለው ተራራ ላይ በራሱ እግር ወጥቶ መውረዱን ነው። ከስኪው ሥር ጸጉራም ጨርቅ ይለጥፋሉ። ጸጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ስለሆነ ወደ ፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ግን አይለቅም። አናት ላይ ሲደርሱ ጨርቁን ይልጡና ይወርዳሉ።

ልጆች ሳለን እኛም በግ ስንጠብቅ በረዶ የጣለ ቀን ቁርበት ላይ ተቀምጠን እንንሸራተት ነበር። እሱ ያንን አልረሳም። «አንድ ቀን እዚያች ቁልቁለት ላይ በስኪ እወርዳለሁ» ይለኝ ነበር። ይህን በስልክ ስንት ዓመት ሲለኝ እንደኖረ አልቆጠርኩትም።

መጋቢት ላይ ከአገር ቤት አንድ ፎቶ ተላከልኝ። ተራራው ጎኑ ነጭ ሆኗል። ለእሱ አስተላለፍኩለትና «በረዶ ሸፍኖታል» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ትኬት ቆረጠ።

ሳስበው ያሳሳተን ቃሉ ነው። እኛ ጋ ከሰማይ እየወረደ ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጠር በረዶ ነው። ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው። ኖርዌይ እንደ ጥጥ የሚወርደውም በረዶ ነው። ሌሊት ሣሩ ላይ የሚያድረውን ብቻ ውርጭ ወይም አመዳይ ብለን ለየነው። እሱ 11 ዓመት ሲኖር አእምሮው ውስጥ ያለው በረዶ ተቀይሯል። እኔ የላክሁለት ጠጠሩን ነው፤ እሱ ያየው ጥጡን ነው።

ለፋሲካ መጣ። ሁለት ጥንድ ስኪ ይዞ። አንዱ የእሱ ነው፣ ሌላውን ከሰው ላይ አሮጌ ገዝቶ ለእኔ አመጣው። አናጺ ነኝና መጀመሪያ ያየሁት አሠራሩን ነው። ውስጡ እንጨት ነው። ሥሩ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ጠርዙ ደግሞ ብረት። አንዱን ብቻውን ስታነሱት የመጥረቢያ ያህል እንኳ አይከብድም። እንጨት በዚህ መጠን ሳስቶ የሰው ክብደት ሲችል አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ማታ ሱቄ ውስጥ ከጣውላዎቹ ጎን አቁሜው ብዙ ሰዓት አየሁት።

ከበዓሉ በኋላ ላሊበላ ወረድን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከላይ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፣ ነጎድጓዱ ተደጋገመ። ከተማው ላይ ዝናብ ብቻ ነበር። ዓርብ ጠዋት እናድርበታለን ያልነው ቤት ደወልኩ። ባለቤቱ የአባቴ ወዳጅ ናቸው፤ «አያ» እያልኩ ነው ያደግኩት። «እንዴት ነው ተራራው አያ?» አልኳቸው። «ኧረ ትናንት በረዶ ጣለ፤ ሜዳው ነጭ ሆኖ አደረ» አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? «እሰይ!» አልኩ። ጮክ ብዬ።

እሳቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «በሉ ኑ፣ ቤታችሁ ነው» ብለው ዘጉት።

ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሣን። ስኪውን በቅሎ ላይ ለመጫን ሁለት ጊዜ ተቸግረናል። ጫፉ እየተወዛወዘ ዓይኗ ሥር ሲመጣ ትደነግጣለች። ባለበቅሎው መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ጥንድ በጆንያ ጠቅልሎ ቁመቱን ከወገቧ ጋር አስተካክሎ አሰረው። ልክ ሞፈር እንደሚታሰር። በአሸተን ማርያም በኩል አድርገን ወደ ላይ ስንወጣ ያገኙን ልጆች ሁሉ «አዲስ ሞፈር ነው?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። ጓደኛዬ በየቦታው ቆሞ ከጆንያው አውጥቶ ያሳያቸው ነበር። ስለዚህ የደረስነው መሽቶ ነው። ቤቱ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ይሆናል። እሱ ራሱን በጣም አሞታል፣ እራት አልበላም። እኔ ቋንጣ ፍርፍር በላሁ። ባና ደራርበው አለበሱንና ተኛን።

እሑድ ሌሊት 10 ሰዓት በባትሪ ጀመርን። ሣሩም የጅብራው ቅጠልም ውርጭ ለብሷል። ሲረገጥ ድምፅ አለው። ጎህ ሲቀድ ጓደኛዬ ፊቱ ላይ የነበረውን አልረሳም። ራስ ምታቱም ለቆት ነበር። ወደ ሰሜን የሚያይ ጎን ነው የምንፈልገው አለ፤ ኖርዌይ ጥሩ በረዶ የሚቆየው እዚያ ነው አለኝ። ፈለግን። አገላብጠን ፈለግን። ሜዳው ላይ የነበረው ሁሉ በሁለት ቀን አልቋል። የቀረው በየጎድጓዳው ያለው ነው፤ እሱም የጫማ ሶል ያህል ውፍረት የለውም። መጨረሻ ላይ ከአንድ ገደል ሥር ጎርፍ ሰብስቦ ያከማቸው አገኘን። መሀሉ ላይ አንድ ስንዝር ይሆናል። ርዝመቱ በእኔ እርምጃ 40። ግማሹ ጭቃ የነካው ነው።

40 እርምጃ በረዶ። ከኖርዌይ ላስታ።

እሱ ግን ስኪውን አጠለቀና ወረደ። ወጣ፣ ደግሞ ወረደ። ስድስት ጊዜ። ጠጠሩ ሽምብራ የሚያክል ነው፣ እርስ በርሱ አልተያያዘም፤ ስኪው ላዩ ላይ ይንከባለላል እንጂ አይነክስም። እኔ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። በሁለተኛው ከሥር የተደበቀ ድንጋይ አገኘኝና ወደቅኩ። ድንጋዩ የስኪውን ሥር እንደ መላጊያ ልጦት ወጣ። በእጅ ከሚያዙት ዘንጎች አንዱም ጎበጠ። ሩቅ ላይ አንዲት ቀይ ቀበሮ ቆማ ታየን ነበር። ወዲያው ሄደች።

ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ገደሉን አልፋ መጣች። አምስት ሰዓት ሲሆን ያ ሁሉ ውሃ ነው። እሱ አናቱ አጠገብ ሌላ ጎድጓዳ እንይ አለ። እኔ ከምሥራቅ በኩል ደመና ሲነሣ አየሁና እንውረድ አልኩ። «11 ዓመት ጠብቄ 40 እርምጃ?» አለኝ። ተናገረኝ፣ ተናገርኩት። ወረድን። መንገዱን ሁሉ አላወራንም። ሰባት ሰዓት ላይ ቤት ውስጥ ሆነን ነጎድጓዱ ተራራውን ሲመታው ሰማን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቅዳሜ መሽቶ ስለገባን ማሳውን አላየሁትም ነበር። እሑድ ስንወርድ አየሁት። ሊያሸት የደረሰ የበልግ ገብስ። መሬት ላይ ተኝቷል። አገዳው ተሰብሯል። በሬ ያበራየው ይመስላል። የሐሙሱ በረዶ ነው።

አያ ምንም አላሉም። ጠላ ቀዱልን። የገብስ ቆሎ አቀረቡልን፤ የዓምናው ገብስ። ልሰናበት ወደ ጓዳ ስገባ ባለቤታቸው ቀስ ብለው ነገሩኝ። ዓርብ ስደውል ልጃቸው ድምፄን ሰምቶ ኖሮ «እማ፣ ምን ደስ አለው?» ብሎ ጠይቋቸዋል።

ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ይህ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም።

እና ጥያቄዬ። ጓደኛዬ በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ እያለ ነው። ወሎ ውስጥ በረዶ የሚቆይበት ተራራ ወይም ወር አለ? አምባ ፈሪት ይሻላል ያለኝ ሰው አለ። የተላጠውን የስኪ ሥርስ እዚህ አገር በምን ልሙላው? ከሁሉም በላይ ግን ያቺን «እሰይ» እንዴት ልመልሳት? ገንዘብ ልላክላቸው ብዬ ነበር፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የምታውቁ ምከሩኝ።

የቦርከና ልጅ

አብሽር ወንድምዓለም። ሳነበው ሆዴ ተላወሰ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ወደ አቀስታ ስንሄድ ጉጉፍቱ ላይ መንገዱ ነጭ ሆኖ መኪናው ቆሞልን ያውቃል። ወርደን በእጃችን እያፈስን ተጫወትን። አባቴ ከመኪናው አልወረደም ነበር። ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ።

ስለ ስኪው አላውቅም። ጓደኛህን ግን አትቀየመው። ታረቁ።

የላስታው አናጺ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ከጓደኛዬ ጋር ያን ዕለት ማታ ላሊበላ ስንገባ ታርቀናል። ቡና አፍልተውልን ሦስተኛው ላይ ሳንደርስ ራሱ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ፊዚክስ ከወገል ጤና

ሰላም። ደላንታ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ክረምትና በጋ ተራራ ላይ ነኝ፤ በረዶው ለምን እንደማይቆይ ተማሪዎቼም በየዓመቱ ይጠይቁኛል። ስለዚህ ደስ ብሎኝ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ከፍታውን እንይ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ላሊበላ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ የአቡነ ዮሴፍ አናት ደግሞ ከ4,200 በላይ። ስለዚህ አናቱ ከከተማው በ11 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ብዙ ነው። ግን አይበቃም። በእኛ የምድር ወገብ አካባቢ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው 5,000 ሜትር አጠገብ ነው። ኪሊማንጃሮ 5,895፣ ኬንያ ተራራ 5,199 ሜትር ናቸው፤ በረዷቸው እያለቀ ቢሆንም የያዙት ለዚህ ነው። የእኛ ትልቁ ራስ ዳሽን ከ4,500 ብዙም አያልፍም። አምባ ፈሪትም ከአቡነ ዮሴፍ የተሻለ ነገር አይሰጥህም።

ሁለተኛው ነገር እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነው። ብርዱና እርጥበቱ አይገናኙም። ሌሊቱ ከሁሉ የሚበርደው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ትለቀዋለች፣ ውርጭ ይወርዳል። ግን ደመና የለም፣ የሚጥል ነገር የለም። በልግና ክረምት ደግሞ እርጥበቱ አለ። ያን ጊዜ ደመናው እንደ ጋቢ ይሸፍናል፣ ሌሊቱ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ የሚወርደው ወይ ዝናብ ነው ወይ ጠጠር። ጠጠሩ ደግሞ ከነጎድጓድ ደመና የሚመጣ ነው። ላይ ተሠርቶ ነው የሚወድቀው። መሬቱ ቀዝቅዞ ስላልጠበቀው ወዲያው ይሟሟል። አልፎ አልፎ ክረምት ላይ አናቱ ላይ እውነተኛው ጥጥ የሚመስለው ይጥላል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ከወጣች ግን የለም።

የሰሜኑ ጎን ነገር ደግሞ። ጓደኛህ አልተሳሳተም፣ ለኖርዌይ። እዚያ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ እኩለ ቀን ላይ በደቡብ ናት። ስለዚህ ሰሜን የሚያየው ጎን ጥላ ነው። ላስታ ግን 12 ዲግሪ ላይ ናት። ሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ ከአናትህ በላይ ናት፤ ለሰሜንም ለደቡብም አታዳላም። ከዚያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ክረምት ላይ ብትሄዱ ጥላው ያለው ደቡብ በሚያየው ጎን ነው። ይህን ለተማሪዎቼ በእንጨትና በጥላ አሳያቸዋለሁ፤ አንተም ሱቅህ በር ላይ አንድ ጣውላ አቁመህ ማየት ትችላለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ዓለም በቀዘቀዘችበት ዘመን የሰሜንና የባሌ ተራሮች ግግር በረዶ ነበራቸው። ያ ግግር ገፍቶ የከመረው ድንጋይ ዛሬም እዚያው አለ። ጓደኛህ ዘግይቶ መጣ እንጂ አገሩ በረዶ አታውቅም ማለት አይደለም።

ከሁሉ ግን ያስደሰተኝ መውረዳችሁ ነው። በበልግ ከሰዓት በኋላ ራቁቱን በቆመ ተራራ ላይ ጠርዙ ብረት የሆነ ነገር ይዞ፣ ዘንግ ይዞ መቆም አይገባም። መብረቅ ከፍ ያለውን ነው የሚፈልገው። እረኞቻችን ይህን ያውቃሉ፤ ደመና ሲነሣ ከብቱን ይዘው ዝቅ ይላሉ። እናንተ አምስት ሰዓት ወረዳችሁ፣ ሰባት ሰዓት መታ። ልክ ነበርክ።

ከትሮምሶ

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ሰሜን ኖርዌይ ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። ስኪ የጀመርኩት በ34 ዓመቴ ነው። ጓደኛህን ሳላውቀው አወቅኩት። እዚህ የፋሲካ ሰሞን ማለት ስኪ ነው። አገሩ በሙሉ ተራራ ይወጣል። እኔ ግን ያን ቀን ሁሉ ዶሮ ወጥ ይሸተኛል። እሱም ሁለቱን በአንድ ቀን ሊያገኝ ነው የመጣው። 40 እርምጃ ስትል አለቀስኩ።

ስለ ስኪው ሥር። ጉዳቱ ፕላስቲኩ ላይ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። ለዚሁ የሚሸጥ እንደ ሻማ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ አለ። ታቀልጠዋለህ፣ ስንጥቁ ውስጥ ታንጠባጥባለህ፣ ሲደርቅ በስለት ትልጠዋለህ። አናጺ ነህ፣ ከኛ ይልቅ ትችለዋለህ። ጓደኛህ በፖስታ ይላክልህ፣ ርካሽ ነው። እንጨቱ ታይቶህ ከሆነ ግን ተጠንቀቅ። ውሃ ከገባው ያብጣል። መጀመሪያ በደንብ አድርቀው፣ ከዚያ በኢፖክሲ ሙጫ ዝጋው፣ ከዚያ ነው ፕላስቲኩ። የብረቱ ጠርዝ ከእንጨቱ ተላቆ ከሆነም ኢፖክሲ አድርገህ በመቆንጠጫ አሳድረው።

ኖርዌዮች «ስታይንሺ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ የድንጋይ ስኪ ማለት ነው። በረዶው ሲሳሳ፣ መሬት መሬት ሲል፣ ጥሩውን ስኪ ቤት ትተው አሮጌውን ይዘው የሚወጡበት ነው። ሁሉም ቤት አንድ ጥንድ አለ። ያንተ አሮጌ ጥንድ ስታይንሺ ነበረች። የተሠራችበትን ሥራ ሠርታለች። በመላጧ አትዘን።

እንደ ነርስ ደግሞ አንድ ነገር ልቆጣ። ጓደኛህ ዝቅ ያለ አገር የሚኖር ሰው ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ 3,400 ላይ ተኝቶ፣ ራሱን አሞት፣ እራት መብላት አቅቶት ሌሊት 10 ሰዓት ወደ 4,000 ወጣ። ይህ የከፍታ ሕመም ነው። የኛ ሰው ስለሆነ ደሙ ያውቀዋል ማለት አይቻልም፤ 11 ዓመት ብዙ ነው። ጠዋት ለቆት ወጣ እንጂ ራስ ምታቱ ባይለቀው ኖሮ ወደ ላይ አይባልም። ቢብስ ደግሞ ወዲያው ወደ ታች ነው። ከ3,000 በላይ ስትሆኑ የመኝታችሁ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ጥሩ ነው። የሚቀጥለው ጊዜ ላሊበላ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጥ። ከዚያ አሸተን አካባቢ አንድ ሌሊት። ከዚያ አያ ቤት።

መመለሱን በተመለከተ እዚህ ልጆች ትምህርት ቤት የሚማሯቸው ዘጠኝ የተራራ ደንቦች አሉ። ስምንተኛው በጊዜ ተመለስ፣ መመለስ አያሳፍርም ነው የሚለው። እሱም ያውቀዋል። ጠይቀው።

ለሚቀጥለው ዓመት ሐሳብ ላምጣ? ስኪ ባለ ጎማም አለ። የኖርዌይ ተወዳዳሪዎች በበጋ አስፋልት ላይ የሚለማመዱበት ነው። ኢትዮጵያም እኮ በክረምት ኦሊምፒክ ተሳትፋለች፤ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። ያን ቀን እዚህ ሆስፒታል ውስጥ ለሁሉም ሰው ነበር የነገርኩት። ሣር ላይ የሚነዳ ስኪም አለ። እሱን ግን ጓሳው ላይ እንዳታስቡት። ቀይ ቀበሮዋ የምታድነው አይጥ የሚኖረው እዚያ ሣር ውስጥ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም። ቤቷ ነው።

የላስታው አናጺ

እህትዓለም፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እንጨቱ አልታየም፣ ፕላስቲኩ ብቻ ነው። ስለ ራስ ምታቱ የተቆጣሽው ተገቢ ነው። ለእሱም አነበብኩለት። «እውነቷን ነው፣ ቸኩዬ ነበር» አለ። ያን ጠዋት ማስቀረት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

የፊዚክስ መምህሩ ጋሼ ይሁን ወንድሜ አላወቅኩም፤ ጣውላዋን በር ላይ አቁሜያታለሁ። እኩለ ቀን ላይ ጥላዋ በደቡብ በኩል ወደቀ። ሠራተኞቼን ጠርቼ አሳየኋቸው።

የመቄቷ

ሦስተኛውን ጥያቄ ሁሉም በአክብሮት አልፎታል። እኔ ልግባበት። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ አሁን ደግሞ የግብርና ባለሙያ ሆኜ የምሠራው ከገበሬ ጋር ነው።

ከመቄት፣ ከዋድላ፣ ከደላንታ እስከ እናንተ ላስታ ያለው ደጋ ብዙው የሚኖረው በበልግ ነው። ጥርና የካቲት ይዘራል፣ ሰኔና ሐምሌ ይታጨዳል። ሌላው የአገራችን ገበሬ ገና ሊዘራ ሲል እኛ እንሰበስባለን። ውርጭ ላይ ደግሞ ከገብስ ሌላ ብዙ ምርጫ የለም። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ በረዶ የመታው ቤት ያጣው አንድ ማሳ ብቻ አይደለም። ሰኔና ሐምሌን ነው ያጣው፤ ጎተራ ባዶ የሚሆንበትን፣ ቀኑ የሚረዝመውን።

ገብሱ ገና ቅጠል ላይ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ሌላ ቡቃያ ያወጣ ነበር። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በሁለት ሳምንት አረንጓዴ ይሆናል። ሊያሸት ደርሶ አገዳው ከተሰበረ ግን አይነሣም። ያን ጊዜ የሚደረገው አጭዶ ለከብት መስጠት ነው። ሳይበሰብስ፣ ቶሎ። ከዚያ መሬቱን ደግሞ አርሶ ለመኸር ማዘጋጀት። ዘሩ ግን ከየት ይመጣል? ለዘር የሚቀመጠው ከዚሁ ከበልጉ የሚገኘው ነበር። ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

ገንዘብ አለመላክህ ደግ አደረግክ። ጥፋት ነው ብዬ አይደለም። ግን «እሰይ» ብለህ ገንዘብ ብትልክ ካሣ ይመስላል። እሳቸው ያሳደሩህ በገንዘብ አይደለም። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ራስህ ትሄዳለህ። በስልክ አይደለም። የዘር ገብስ ትይዛለህ። ከወልድያ ገበያ የተገኘውን አይደለም፤ ያ የወይናደጋ ገብስ ሊሆን ይችላል፣ ውርጭ አይችልም። እዚያው አካባቢ፣ እዚያው ከፍታ ላይ በረዶ ያልነካው ጎረቤት ፈልገህ ከእሱ ትገዛለህ። በረዶ መንገድ አለው፤ አንዱን ማሳ ጨርሶ አጠገቡ ያለውን ሳይነካ ያልፋል። ስለዚህ ታገኛለህ። ከዚያ የጅጌ (የደቦ ሥራ) ቀን ጠይቀህ ትገኛለህ። አናጺ ነህ፤ ሞፈርና ቀንበር ትጠግናለህ። ያን ቀን ከሰው ጋር አብረህ ትበላለህ።

ስለ ቃሏም ተናገራት። ዝም ብለህ አትለፋት። ልጁ ፊት ተናገራት፣ የሰማው እሱ ነውና። «ምን ደስ አለው?» ላለው ልጅ መልስ አለብህ። ጓደኛዬ ከሩቅ መጣ፣ ልጅ ሆነን የተንሸራተትንባትን ቦታ ሊያይ ፈለገ፣ እኔም የእናንተን ገብስ ረሳሁት በለው። ልጅ ይገባዋል።

ሌላም አለ። በአገራችን በበዓል መሬት ከተነካ በረዶ ይመታል ይባላል። አንተም ታውቃለህ። እናንተ ደግሞ በበቅሎ ላይ ሞፈር የሚመስል ነገር ጭናችሁ እሑድ ዋዜማ ነው የገባችሁት። በረዶው የጣለው ሐሙስ ስለሆነ ማንም እናንተን አያማም። ቢሆንም ስትሄድ ስኪውን ይዘህ ሂድና ሰፈሩ ሁሉ ይንካው። ምንነቱን ይወቁ።

የላስታው አናጺ

እህቴ፣ ሌሊቱን ሁሉ ሳነብሽ አደርኩ። ጠዋት አያ ጋ ደወልኩ። ጉዳዩን በስልክ አላነሣሁም፤ እንዳልሽው ለፊት ለፊት አቆየሁት። እመጣለሁ ብቻ አልኳቸው። የተሰበረውን ገብስ አጭደው ለበሬዎቹ ሰጥተዋል። መሬቱን አንድ ዙር ገልብጠውታል። ከወንዙ ማዶ ያለው የእህታቸው ማሳ አልተነካም አሉኝ፤ ዘሩን ከእሷ እወስዳለሁ። ጓደኛዬ ግማሹን ይችላል። የጅጌው ቀን ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሁለት ሞፈርና አንድ ቀንበር እየሠራሁ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ጠይቄያለሁ፣ ደህና ነው ብለውኛል።

በረዶ ፍለጋውን ትተነዋል። ጓደኛዬ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው በጥር ነው፣ በእግሩ ብቻ። ላሊበላ ሦስት ቀን ይቀመጣል።

ስልኩን ልዘጋ ስል አያ «ቆይ፣ ልጁ የሚልህ አለ» አሉኝ። ያ የጎበጠው ዘንግ እዚያው ቀርቶ ነበር። ልጁ በድንጋይ እየመታ አቅንቶት በጎቹን የሚጠብቀው በእሱ ነው። አሁን ታናሽ ወንድሙ እኔስ እያለ አስቸግሮታል። ሌላውን ዘንግ እንዳመጣለት ጠየቀኝ። ከዘሩ ጋር አስሬዋለሁ።